አፏን የታሰረችው ፍየል እና የነጣው የዱባ ማሳ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ሙሉ ደብዛው በጠፋበት ክፉ ዘመን፣ አራዊት ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ወርደው ተከማቹ። ሣሩ ከነሥሩ ደርቆ ነበር። መጀመሪያ ሚዳቋ አለቀች፣ ቀጥሎ ድኩላ፣ ከዚያ በኋላ ቆዳና አጥንት ብቻ ሆኖ የቀረው እርስ በርሱ ሲፈራራ ይውላል። ጌታው አንበሳ ይህን አይቶ ደነገጠ። ለሌላው አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም ካለቀ ለሱ የሚበላ እንደማይቀር ገብቶት ነው።

በዚያ ወንዝ ዳር አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ከሰው ቤት ጭነቷን እንደተሸከመች ጠፍታ የመጣች ናት። ጭነቱ ውስጥ የዱባ ዘር ነበረ። ሰው እንዴት እንደሚተክል ስታይ ኖራለችና ረግረጉን በኮቴዋ ቆፍራ ዘራችው። ዱባው በቀለ፣ ሐረጉን ዘረጋ፣ አፈራ። በዚያ ሁሉ ደረቅ አገር ውስጥ አረንጓዴ ነገር ቢኖር የሷ ማሳ ብቻ ነበር። ባሏን ጅቦች በልተውባታል፤ የቀራት አንድ ውርንጭላ ነው። ሲወለድ ወፈር ያለ ስለነበረ ድንቡሼ ብላ ነበር ስም ያወጣችለት፤ አሁን ጎድን ጎድኑ ቢቆጠርም ስሙ አልተለወጠም።

አንበሳ ማሳውን ዞር ዞር ብሎ አየና አራዊቱን ሰብስቦ ሕግ አወጣ። «ዱባው ሁላችንን እስካበላ ድረስ ይህችን አህያም ልጇንም የማንም ጥርስ አይነካቸውም» አለ። «ዱባው ያለቀ ቀን ሕጉም ያልቃል።»

ሕጉ ይኸው ነው። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው። አህያ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልጣማትም።

አንበሳ ሹመትም ሰጠ። ዱባውን ለየአራዊቱ እንድታከፋፍል ቀበሮን ሾመ፤ ምላሷ ቅቤ ስለሆነ ደስ አሰኝታው ይሆናል። የአጥሩ ዘበኛ ደግሞ አያ ጅቦ ሆነ። ጅብን ለአህያ ዘበኛ ማድረግ ምን የሚሉት ሹመት እንደሆነ እኔንም እንዳትጠይቁኝ፤ ጌታ ያዘዘው ነው። አያ ጅቦ ጠዋት ጠዋት ወደ አጥሩ በር ይመጣል፣ ድንቡሼን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ከዚያ ሁልጊዜ አንዱን ነገር ይጠይቃል።

«ዱባው አለ?»

«አለ» ትላለች አህያ።

«እሺ» ይልና ተንፍሶ በሩ ላይ ይጋደማል። በማግስቱም ያንኑ ይጠይቃል። ክፋት አይደለም፤ ሌላ የሚያስበው ነገር ስለሌለው ነው።

አህያ ፍርሃቷ በዛና ዘሩን አቀራርባ ጨመረችበት። ብዙ ከዘራሁ ብዙ ይበቅላል፣ ብዙ ከበቀለ ልጄ ብዙ ይኖራል ብላ አሰበች። ሐረግ በሐረግ ላይ ወጣ፤ ቅጠሉ ተደራርቦ መሬቱ ላይ ፀሐይ የሚወርድበት ቀዳዳ ጠፋ። ለሚያየው ግን ያምር ነበር። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው ያደንቁላት ነበር።

አንድ ጠዋት ከሥር ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ነጭ ነጠብጣብ አየች። ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በአፍንጫዋ ብትጠርገው ለቀቀ። አቧራ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። በማግስቱ ስትመለስ ነጩ እዚያው ቦታው ላይ ነበረ፤ አጠገቡ ያለውንም ቅጠል ይዞታል። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ቅጠል ዳር ዳሩ ቢጫ ሆነና ተጠቅልሎ ደረቀ። ያኔ ዞር ብላ ልጇን አየችው፤ አጥሩ ሥር ጀርባውን እያከከ ነበር።

መጀመሪያ ያወቀችባት ቀበሮ ናት። ቀበሮ ደግሞ የራሷ ጉድ ነበራት። ከየድርሻው ደህና ደህናውን ዱባ እየለየች ከአጥሩ ጀርባ ባለ ጎሬዋ ትደብቅ ነበር። ማሳው ታመመ የሚል ወሬ ከተሰማ አንበሳ ራሱ ሊያይ ይወርዳል፤ ከወረደ ያ ሁሉ ዱባ የት ገባ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ወሬው እንዲሰማ አልፈለገችም። ወደ አህያ ተጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያዘነች መስላ ተናገረች።

«ዓይን ነው እህቴ። ይህን የመሰለ ነገር ደጅ ላይ ተዘርግቶ ማን አይቶ ዝም ይላል ብለሽ ነው? አያ ጅቦ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚያፈጥበት አታይም? ሸፍኚው። ለማንም እንዳትናገሪ። ጌታው ታመመ ሲባል ከሰማ አለቀ ማለት ነው የሚመስለው። ሕጉን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

አህያ ሰው ቤት ሳለች የታመመ ሕፃን ከዓይን ሲሸፈን፣ በር ሲዘጋበት፣ እንግዳ እንዳያየው ሲከለከል አይታለች። የቀበሮ ምክር እውነት መሰላት። የማመን ፍላጎቷም ይብስ ነበር፤ ዓይን ከሆነ መሸፈን ይበቃዋላ። ከረግረጉ ሸንበቆ ቆርጣ በማሳው ላይ ዳስ ጣለች። የአጥሩን ቀዳዳ ሁሉ በሣርና በጭቃ ደፈነችው። ነፋስ እንኳ ገብቶ እንዳያየው ማለት ነው። ማታ ማታ ደግሞ ነጩ ይታጠብልኛል ብላ ውሃ በቅጠሉ አናት ላይ ታፈሳለች። ውሃው እስኪነጋ ሳይደርቅ ያድራል።

ዳሱ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይከብዳል። ይወብቃል፣ ጨለማ ነው፣ የሻገተ ነገር ይሸታል። ነጩ ከታች ቅጠል ወደ ላይኛው፣ ከላይኛው ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ እንቡጡ እየወጣ ሄደ። አህያ በላዩ ሌላ ሸንበቆ ጨመረች።

ከገደሉ በላይ ባለው ድንጋያማ ቦታ አንዲት ሸምገል ያለች ፍየል ነበረች። በድርቁ ግልገሏ ሞቶባታል፤ ጡቷ ግን ገና አልነጠፈም ነበር። ወተቱን በቅል እያጠራቀመች ታረጋዋለች፤ ለምን እንደምታደርገው ማንም አያውቅም፣ ዝንጀሮዎቹ ግን ከሐዘን ብዛት ለይቶላታል ይሉ ነበር። አፏ አያርፍም። የመጣላትን ትናገራለች፤ ለጌታ ለባሪያ አትልም። አንድ ቀን ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ሽታው አስቆማት። በቀንዷ ጭቃውን ፈልፍላ በቀዳዳው አየች።

ያየችውን እዚያው፣ አራዊቱ ድርሻቸውን ሊቀበሉ በተሰለፉበት ፊት ተናገረች። ዳሱ የተጣለው ለዓይን ከሆነ፣ ይህ ዓይን ሳይሆን ሻጋታ ነው አለች። ዳሱ ይነሳ፣ አጥሩ ይከፈት፣ የነጣው ቅጠል ሁሉ ከሥሩ እየተቆረጠ ይውጣ፣ ከተክሉም እኩሌታው ይነቀል አለች። «በሁለት ዱባ መካከል እኔ ተኝቼ መገላበጥ ካልቻልኩ አልተተከለም፤ ታጨቀ እንጂ» አለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቅጠሉን ቁረጡ የምትለው ፍየል ናት። የተሰለፈው ሁሉ በረሃብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጅቡም ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ሳቀ። ቀበሮ አጋጣሚውን አላሳለፈችም፤ እመት ፍየል ስለ ዱባው ጤና እንዲህ መጨነቋ የሚያስመሰግናት ነው፣ የተቆረጠውን ቅጠል የት እንደምናደርገውም ሳታስብበት አልቀረችም አለች። ሳቁ በረታ። ፍየልም፣ ቅጠልን የማውቀው በመብላት ነው፣ የታመመው እንደሚመርም የማውቀው ለዚያ ነው ብላ መለሰች። ነገሩን የባሰ አበላሸችው። አህያም ከሳቁት ጋር ሆነች።

ቀናት አለፉ። ዱባው ማፍራቱን አልተወም፤ የሚያፈራው ግን ጭብጥ የማይሞላ፣ ጠንካራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ነበር። ቅጠሉ የረገፈበት ሐረግ ፍሬውን መመገብ አቃተው። የየአራዊቱ ድርሻ እያነሰ ሄደ። ቀበሮ የሚያጉረመርመውን ሁሉ ጊዜው ነው፣ ቻሉት እያለች ትመልሳለች። አያ ጅቦ ግን እንደ ልማዱ ጠዋት መጥቶ ዱባው አለ ብሎ ሲጠይቅ፣ አህያ «አለ» ለማለት ምራቋን መዋጥ ጀመረች። እሱም ቀድሞ የሚጋደምበትን ቦታ ትቶ ወደ ድንቡሼ ጠጋ ብሎ መተኛት ጀመረ።

ይህን ባየች ጊዜ አህያ እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ገደሉን ወጣች። ፍየል ፊት ሄዳ ቆመች።

«እትዬ ፍየል፣ ልጄ ሊበላብኝ ነው» አለች።

ፍየል ብዙ አልተመጻደቀችባትም። በዚያ ሁሉ አራዊት ፊት ሲሳቅብኝ አብረሽ ስቀሻል፣ አይቼሻለሁ፣ እሱን እንተወው አለቻት። ከዚያ ጉዳዩን አስረዳቻት። ነጩ ነገር ሕይወት ያለው ነው፤ ጥላና እፍንፍን ይወዳል፣ ፀሐይና ነፋስ ይጠላል። ከቅጠል ቅጠል የሚሄደው እንደ ዱቄት እየበነነ ነው። እሷ በልጅነቷ በሰው ቤት ስታድግ የቤቱ እመቤት የታመመውን ቅጠል ለቅማ ከቀበረች በኋላ፣ አንድ ቅል አጓት በብዙ ቅል ውሃ አቅጥና ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ የቅጠሉን ላዩንም ሥሩንም ትረጨው ነበር። ፍየል መጀመሪያ ወተቷን ታረጋ የነበረው እንዳይፈስባት ብላ ነው፤ ማሳውን ካየች ወዲህ ግን ለዚሁ አጓቱን እየለየች ስታስቀምጥ ከርማለች። ቀድሞውን ነገሩ ሳይጀምር ቢደረግ በዚህ ሁሉ አንለፋም ነበር ብላ ተቆጣች።

አህያ በደስታ ልትነሳ አለችና አንድ ነገር ትዝ አላት። ፍየል ማሳ ውስጥ ገብታ ዝንጀሮዎቹ ካዩ ምን ይላሉ? ወሬው ሳይውል ሳያድር አንበሳ ጋ ይደርሳል። ይህንንም ነገረቻት።

«እንግዲያው አፌን እሰሪው» አለች ፍየል። «ጠዋት ስገባ እሰሪኝ፣ ስወጣ ፍቺኝ። የታሰረ አፍ ቅጠል በላ የሚል ካለ እስቲ ይምጣ።»

እንደተባለው ተደረገ። አህያ ጠዋት ጠዋት ከዛፍ ልጥ ልጣ የፍየልን አፍ ጠምጥማ ታስራለች። ዳሱ ተነሳ፣ የአጥሩ ጭቃ ተፈነቀለ፣ ነፋስ ገባ። ተክሉን እያሳሱ ከሁለት አንዱን ሲነቅሉ አህያ አለቀሰች፤ እያንዳንዱ ሥር ሲመዘዝ የልጇ ዕድሜ የሚመዘዝ ይመስላት ነበር። ፍየል ግን በቀንዷ ይህኛውን፣ ያኛውን እየጠቆመች አላስተርፍ አለች። የታመመውን ቅጠል ከሥር ጀምረው ለቀሙት። ጉድጓዱን የቆፈረው አያ ጅቦ ነው። ከማሳው ርቆ፣ ነፋሱ ወደማይመለስበት በኩል ቆፍር ሲሉት አጥንት የተቀበረበት ቦታ መስሎት በደስታ ቆፈረ፤ ቅጠል ሲከቱበት ጊዜ ቅር ብሎት ሄዶ ተኛ።

ውሃው ከዚያ ወዲህ በጠዋት ሆነ፤ ከሥሩ ብቻ፣ ቅጠሉን ሳይነካ። ፀሐይ ወጣ ሲል አህያ ጭራዋን በቀጠነው አጓት ውስጥ ነክራ በረድፉ መካከል እየሄደች ግራና ቀኝ ትረጫለች። ድንቡሼም ያችን አጭር ጭራውን ነክሮ ከኋላዋ ይከተል ነበር። ማሳው በዚያ ሰሞን መላጣ ሆኖ ነበር፤ ለማያውቅ ሰው አንበጣ የወረደበት ይመስላል። ቀርቦ ላየ ግን ከየሐረጉ ጫፍ ነጭ የሌለበት፣ እርጥብ፣ ጤነኛ ቅጠል ብቅ ማለት ጀምሯል። አንድ ቢጫ አበባም ፈነዳ። አህያ አበባውን እያየች ብዙ ቆመች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት።

ነገር ግን ዳሱ ሲነሳ ማሳው ከሩቅ ይታይ ጀመር። አንበሳ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት፣ አረንጓዴ የነበረው ሁሉ ራቁቱን ቀርቶ አየ። እየተንደረደረ ወረደ። አራዊቱም ሁሉ ምን መጣ ብለው ተከትለውት ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ፍየል አፏን ታስራ፣ በረድፉ መካከል ጎንበስ ብላ ቅጠል እያገላበጠች ነበር።

ቀበሮ ከጎሬዋ ሮጣ ወጣች። አንበሳ አፉን ሳይከፍት ቀድማ እግሩ ላይ ወደቀች። ጌታዬ ልነግርዎ እየመጣሁ ነበር አለች። ዱባው የት ገባ ብለው ቢጠይቁኝ መልሱ እዚያ ቆሟል፤ ቅጠሉን በላችው፣ ፍሬውንም በላችው አለች። ከተሰበሰበው መካከል አንዱ ዝንጀሮ ግን አፏ ታስሮ እንዴት በላች ብሎ ጠየቀ። ደህና ጥያቄ ነበር።

ቀበሮ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «አንተም እስቲ አስበው» አለች። «ያልሰረቀን አፍ ማን ያስረዋል? እጅ ከፍንጅ ተይዛ ነው የታሰረችው። ያሰረቻትም ይህችው አህያ ናት፤ ጌታዬ ይጠይቋት።»

አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያሰርሻት?»

«እኔ ነኝ» አለች አህያ።

«ቅጠሉን በልታ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። አህያ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈት አደረገች። ግን እውነቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ማሳው ከታመመ መቆየቱ፣ እሷ ማወቋ፣ መደበቋ፣ ዳስ መጣሏ፣ ሲስቁ አብራ መሳቋ ሁሉ ተከታትሎ የሚወጣ ነው። ዱባው ታሟል ብላ አንበሳ ፊት ብትናገር ሕጉ እዚያው የሚፈርስ መሰላት። ጅቡ ድንቡሼ አጠገብ ቆሟል። ፍየል ደግሞ ታያታለች። አልጮኸችም፣ አልተወራጨችም፤ አህያ ትናገርልኛለች ብላ ትጠብቅ ነበር።

አህያ ራሷን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች።

አንበሳ ለፍርድ ብዙ አይቆይም። አንዴ ነው የዘለለው። የፍየልን ሥጋ እሱ በላ፣ አጥንቱ ለዘበኛው ተጣለ። አያ ጅቦ ራሷን ሲቆረጥም ልጡን እንኳ አልፈታውም፤ አብሮ ዋጠው።

አህያ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሰማት ልነግራችሁ አልችልም፤ ልጇን አቅፋ ሳታንቀላፋ እንደከረመች ግን አውቃለሁ። በልቧ ቢያንስ ማሳው ተረፈ ትል ነበር። እሱም አልሆነም። አንበሳ ከመሄዱ በፊት ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ከእንግዲህ ቅጠል በሊታ እንዳይገባ አጥሩ ይደፈን፣ ዳሱም በወፍራሙ ይጣል አለ። የዳሱ ጠባቂ ቀበሮ ሆነች። አህያ ዳሱን ለማንሳት ብትሞክር ቀበሮ የጌታን ትእዛዝ ጣስሽ እያለች ታስፈራራታለች። እፍንፍኑ ተመለሰ። ነጩም ተመለሰ። ከፍየል የቀረው አጓት ጥቂት ነበር፤ እሱን ረጭታ ጨረሰች። ከዚያ በኋላ አመድ ነሰነሰች፣ ቅጠል ለቀመች፣ ውሃውን በጠዋት ከሥሩ አጠጣች። የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ግን ፀሐይ በማይገባበት፣ ነፋስ በማይነካው ቦታ ብቻዋን ምን ታድርግ? አዲሱ ቅጠል ሁሉ እንደገና ነጣ። ያ ቢጫ አበባ ሳይቋጥር ረገፈ።

አንድ ቀን ቀበሮ ጠፋች። ጎሬዋ ሲታይ የዱባ ልጣጭና ዘር ብቻ ተገኘ። የት እንደገባች ወሬዋን የሰማ የለም። ተይዛ ቅጣቷን አገኘች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንበሳ መጣ። ዳሱን በአንድ ጥፊ ገልብጦ ጣለው። ከሥሩ የወጣው ነጭ አቧራ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ አስነጠሰው። ሐረጉ ደርቆ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አውራ ጣት የሚያህሉ ዱባዎች በስብሰው ተበታትነዋል። አህያ ያን ጊዜ እግሩ ሥር ወድቃ ሁሉንም ተናገረች። ፍየል እንዳልበላች፣ መድኃኒቱን የሰጠችው እሷ እንደነበረች፣ አፏ የታሰረውም በራሷ ፈቃድ እንደሆነ፣ ማሳው ሊድን ሲል እንደሞተች፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ዳሱ ይነሳ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ዘር አለኝ፣ እንደገና እተክላለሁ ብላ ለመነች።

አንበሳ አላቋረጣትም፤ እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ እንዲህ አላት፦

«የሷ አፍ የታሰረው በልጥ ነበር። ያንቺን ምን አሰረው?»

አንበሳ ፊቱን አዞረና ወደ ኮረብታው ሄደ። የተሰበሰቡትም አራዊት አንድ በአንድ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ተበተኑ። በፍየል ሲስቁ የነበሩት ናቸው እነዚህ።

በሩ ላይ የቀረው አያ ጅቦ ብቻ ነው። የደረቀውን ማሳ አየ፣ ድንቡሼን አየ፣ ምራቁን ዋጠ። የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ስለነበረ እሱኑ ጠየቀ።

«ዱባው አለ?»

አህያ ልጇን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። አለ ልትል ሞከረች። ድምፅ አልወጣትም።

«እሺ» አለ አያ ጅቦ፣ እንደ ሁልጊዜው። ያን ቀን ግን አልተጋደመም።

አህያ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራለች ይባላል፤ በድንቡሼ ሆዱ ሲሞላ ጅቡ እሷን ትቷት ስለሄደ። ዝናቡ የመጣው ወዲያው ነበር። ወንዙ ሞላ፣ ሣሩ አቆጠቆጠ፣ የታመመው ቅጠል ከተቀበረበት ጉድጓድ አጠገብ አንድ የዱባ ችግኝ ለብቻው፣ በሰፊው ሜዳ፣ ፀሐይና ነፋስ እያገኘ ወጣ። ቅጠሉ ንጹሕ ነበር። አህያ በዚያ በኩል ስታልፍ ራሷን ዝቅ አድርጋ ነው የምታልፈው።

ከዚህ የምንማረው በሽታን ሲጀምር ገልጦ፣ ነቅሎና ፀሐይ አሙቆ ማዳን ሲቻል ሰው እንዳያይብን ብለን ብንሸፍነው፣ መድኃኒቱን የያዘውም ሰው ስለኛ ሲወነጀል ለራሳችን ፈርተን ዝም ብንል፣ ልናድነው የሸሸግነውን ያንኑ የምንወደውን ነገር በገዛ ዝምታችን እንደምናስበላው ነው።